ሪፖርቱ ወፍራም ነው፤ እንመነው?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ ናቸው። አንዱ ስለ ውሃ፣ አንዱ ስለ አቧራ፣ አንዱ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ይጽፋል፤ ውስጡ ግን ጥያቄው ያው ነው። ባለሙያ አጥንቶ ያመጣልንን ወረቀት እኛ በምን ዓይን እንየው? አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፣ ምክንያቱም በዚያ ጉዳይ እኔም ያጠፋሁት ጥፋት አለ።

ጥያቄ፦ ባሶና ወራና ውስጥ በአንድ የገጠር ቀበሌ መምህርት ነኝ። የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊም አድርገውኛል። አንድ አማካሪ ድርጅት ምንጫችንን አጥንቶ 140 ገጽ ሪፖርት አመጣ። ምንጩ ቢጎለብት ለሁለት ቀበሌ ይበቃል ይላል። ሽማግሌዎቹ "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንብቢና ንገሪን፣ እንፈርም ወይስ አንፈርም?" አሉኝ። እኔ የማስተምረው አማርኛ ነው። ምኑን ልይ?

መልስ፦ መምህርት፣ አማርኛ ማስተማርዎ እንዲያውም ጥሩ ነው። የሪፖርት ድክመት ብዙ ጊዜ ከሒሳቡ በፊት በቋንቋው ይታወቃል። ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ማጠቃለያውን ይዝጉትና ቢጋሩን ይፈልጉ። ቢጋር ማለት አሠሪው ለአጥኚው "ይህን አጥናልኝ" ብሎ የሰጠው ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ አባሪ ላይ ይገኛል። አጥኚው የተጠየቀው "ምንጩ ለሁለት ቀበሌ ይበቃል ወይ?" ተብሎ ነው ወይስ "ለሁለት ቀበሌ የሚሆን ዲዛይን ሥራ" ተብሎ? ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። በሁለተኛው መልሱ ከጥናቱ በፊት ተሰጥቷል። "አይበቃም" እንዲል ያልተፈቀደለት ሰው "ይበቃል" ቢል ምን ይገርማል?

ቀጥሎ ሁሉንም ላጣራ አይበሉ። በ140 ገጽ ውስጥ ውሳኔውን የተሸከመችው ቁጥር አንድ ወይ ሁለት ናት፤ ሌላው የወረዳው አየር ንብረት፣ የሕዝቡ አሰፋፈር፣ ፎቶ ምናምን ነው። በእናንተ ጉዳይ ያቺ ቁጥር የምንጩ ፍሰት ናት። በሰከንድ ስንት ሊትር? ቁጥሯን ይያዙና ወደ ኋላ ይሂዱ። ማን ለካት? በምን? ስንት ጊዜ? በየትኛው ወር?

ወሩ ላይ ትንሽ ልቁም። ወጣት ሳለሁ ለአንድ ድርጅት የመስክ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ስሙ ይቅር። አንድ የደጋ ምንጭ ልንለካ ኅዳር ላይ ሄድን። አለካኩ ቀላል ነው፤ ውሃውን በቱቦ ሰብስቦ ከሥሩ 20 ሊትር ጀሪካን ማስቀመጥና ሰዓት መያዝ። በ10 ሰከንድ ሞላ። በሰከንድ 2 ሊትር ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ ያው። ደስ ብሎን ወርደን ሻይ ጠጣን። በሰከንድ 2 ሊትር በቀን 172,800 ሊትር ይሆናል፤ በገጠር የውሃ አቅርቦት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ሲታሰብ 6,912 ሰው ያጠጣል። ሪፖርቱ ላይ ቁጥሯ "አማካይ ፍሰት" ተብላ ገባች። የአንድ ጠዋት ልኬት አማካይ ሆነች እኮ! ያን ዕለት ምንጩ ዳር ቆመው ሲያዩን የነበሩ አንዲት እናት "ልጄ፣ ግንቦት ላይ ብትመጣ ይሻል ነበር" ብለውኝ ነበር። ፈገግ ብዬ ማስታወሻዬን ዘጋሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ወሩ ግንቦት ነበር። ያው መጠን ጀሪካን በ16 ሰከንድ ሞላ። 1.25 ሊትር በሰከንድ፣ ማለትም ለ4,320 ሰው። ቦኖዎቹ ግን ለ6,912 ሰው ታስበው ተሠርተው አልቀዋል። የታችኛው መንደር ቦኖ ደርቋል፣ ጀሪካኑ ከፊቱ ተሰልፏል፣ ሴቶቹ ወረፋ ለመያዝ በሌሊት ይነሳሉ። ማባዛቱ ትክክል ነው፣ ማካፈሉም ትክክል ነው፣ ሪፖርቱን የትኛውም የሒሳብ መምህር ቢያርመው ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። የተሳሳትነው ወሩን ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ነግረውኛል።

ስለዚህ የመለኪያው ቀን ከመስከረም እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ መጋቢትም ግንቦትም ከሌለ፣ ያቺ ቁጥር ምንጩ የክረምቱን ውሃ ገና ሳይጨርስ የተለካች ናት። ጉዳዩ የጥልቅ ጉድጓድ ቢሆን ኖሮ የፓምፕ ሙከራው ለስንት ሰዓት እንደተካሄደ ይጠይቁ እል ነበር፤ 24 ሰዓትም 72 ሰዓትም የሚደረግ አለ፣ ለሁለት ሰዓት ተስቦ "ጥሩ ነው" የተባለም አይቻለሁ።

ሁለተኛዋ ቁጥር የሰዉ ብዛት ናት። አገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በስሌት የተገመተ ነው። መገመቱ ነውር የለውም፣ ግን በእናንተ ቀበሌ ከዚያ ወዲህ ስንት ተፈናቃይ ገባ፣ ስንት ወጣት ወደ ደብረ ብርሃን ወረደ? ይህን ከስሌቱ ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገብ ይነግርዎታል። ያስተያዩት።

የውሃው ጥራት ምርመራ መኖሩንም ይዩ። እናንተ ደጋ ናችሁ፣ ጭንቁ ያነሰ ነው፤ ወደ ስምጥ ሸለቆው የተጠጉ አንባቢዎች ግን ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ንጥረ ነገር) የሚለውን መስመር ሳያዩ እንዳይፈርሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

አሁን ወደ አማርኛው። እስክሪብቶ ይያዙና "ታውቋል"፣ "ተረጋግጧል"፣ "ተችሏል" የሚሉትን ያስምሩባቸው። ማን አወቀ? ማን አረጋገጠ? ባለቤት የሌለው ግሥ በበዛ ቁጥር ጥርጣሬዎ ይጨምር። "ኅብረተሰቡ በስፋት ተወያይቶበታል" የሚለው ላይ ደግሞ ሁለቴ ያስምሩ። መቼ፣ የት፣ ስንት ሰው፣ ምን ተቃወመ? እኔ በሸዋ ማንም ሳይቃወም ያለቀ ስብሰባ አይቼ አላውቅም፤ ሪፖርቱ ውስጥ ተቃውሞ ከሌለ ወይ ስብሰባው አልነበረም ወይ ጸሐፊው ተኝቷል። ተገልብጦ የመጣ ሪፖርትም አለ። አንድ ጊዜ ለደጋ ቀበሌ በተጻፈ ጥናት "ነዋሪው በዋናነት ሙዝና ማንጎ ያመርታል" የሚል አንብቤያለሁ። ገብስ በውርጭ የሚያልቅበት አገር!

"የጥናቱ ውስንነት" የሚል ክፍል ካገኙ ግን ቀስ ብለው ያንብቡት። "ፍሰቱን የለካነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በበጋ መደገም አለበት" ብሎ የጻፈ ሰው ካለ እሱን እመነዋለሁ። ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ "እሱ ራሱ እርግጠኛ አይደለም" ብለው ሊጥሉት ይችላሉ። እባክዎን ያስረዷቸው፤ የት ቦታ ሊሳሳት እንደሚችል የነገራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ይፈርሙ አይፈርሙ እኔ አልልም። አንድ ነገር ግን ያስጽፉ፤ ምንጩ በግንቦት ተለክቶ ውጤቱ ይጨመርልን። እስከዚያው ተማሪዎችዎን ይዘው በየወሩ ይለኩ። ጀሪካንና የስልክ ሰዓት በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ከጫጫ አቅራቢያ ነኝ። ከመንደራችን በላይ የጠጠር መፍጫ ሊተከል ነው። "የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ተሠርቶ አልፏል" ይሉናል። ጥናቱን ያሠራው ግን ራሱ ባለ ድርጅቱ ነው፣ ገንዘቡንም የከፈለው እሱ ነው። ይሄ ጥናት ይባላል? የፈረሙበት ደግሞ ዶክተር ናቸው።

መልስ፦ ይባላል ወንድሜ። የምትጠላው ነገር ሕጉ ራሱ ያዘዘው ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱን የማሠራት ግዴታውን የጣለው በፕሮጀክቱ ባለቤት ላይ ነው። የሚጠቀመው እሱ ነው፣ ወጪውም የእሱ ይሁን ነው ነገሩ። ስለዚህ "ከፍሎበታል" ብለህ ብቻ ብትከራከር ትሸነፋለህ።

የምታሸንፍበት ሌላ ቦታ አለ። ይኸው አዋጅ ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የሕዝብ አስተያየት እንዲሰበሰብ፣ በተለይ ተጎጂ ሊሆን የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት በግምገማው እንዲካተት ያዛል። አይታችሁታል? ካላያችሁ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ። ስታገኙት ሦስት ነገር ፈልግ። አንደኛ፣ ፋብሪካው ሳይተከል በፊት የአቧራው መጠን ተለክቷል ወይ? መነሻ ልኬት ከሌለ ነገ "አቧራው ጨመረ" ስትል "ድሮም ነበር" ይሉሃል፣ በምን ታስረዳለህ? ሁለተኛ፣ የነፋሱ አቅጣጫ በየትኛው ወራት ታየ? ሦስተኛ፣ ሌላ ቦታ ታስቧል ወይ፣ ጨርሶ አለመትከልስ እንደ አማራጭ ተመዝኗል? አማራጭ የሌለው ግምገማ የግዢ ደረሰኝ ነው።

ዶክተሩን በተመለከተ፣ ስም አይዳኝም። የአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ፓነል የሚባለውን ሰምተሃል፤ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ፣ የዓለም ሳይንቲስቶች ተሰብስበው ለመንግሥታት ግምገማ የሚጽፉበት ነው። በ2021 ያወጣውን ጥራዝ 234 ሳይንቲስቶች ጻፉት፣ ከገምጋሚዎች 78,007 አስተያየት ቀረበበት። ታዲያ ይህ ፓነል ራሱ በ2007 ሪፖርቱ የሂማላያ ተራሮች በረዶ በ2035 ሊጠፋ ይችላል ብሎ ጽፎ ነበር። ቁጥሩ የተወሰደው በሳይንቲስቶች ካልተገመገመ ጽሑፍ ነው። ከመታተሙ በፊት የጠየቁ ገምጋሚዎች ነበሩ፣ ጸሐፊዎቹ በሚገባ አልመለሱላቸውም። በ2010 ስሕተት መሆኑን አምነው አረሙት፣ አሠራራቸውም በሌሎች ሳይንቲስቶች ተመርምሮ ተስተካከለ።

ይህን የምነግርህ "እነሱም ይዋሻሉ" እንድትል አይደለም። ስሕተቱ የተገኘው አስተያየቱም መልሱም የምንጭ ጽሑፉም በግልጽ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ማንም ሰው አሻራውን ተከትሎ መሄድ ይችላል። የእናንተን ሪፖርት ማን ገመገመው? ምን አሉ? ምን ተመለሰላቸው? ይህን ጠይቅ፣ ዶክተሩን ተዋቸው።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነው የምኖረው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እኛም ቤት ድረስ ይሰማን ነበር። አንዱ ባለሙያ "አያሰጋም" ይላል፣ ሌላው "ሊከሰት ይችላል" ይላል። እነሱ ካልተስማሙ ሳይንሱ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለቱም ምንም አልነገሩሽም።

"ሊከሰት ይችላል" ማለት ባዶ ነው፤ ምን የማይችል ነገር አለ? ቅድም ያነሳሁት ፓነል ለእንዲህ ዓይነቱ ቃል ልክ አውጥቶለታል። በእነሱ ሪፖርት "ዕድሉ ያመዝናል" ሲባል ከመቶ ቢያንስ 66 ማለት ነው፣ "በጣም ያመዝናል" ሲባል ደግሞ ቢያንስ 90። የእኛ ባለሙያዎችም ቃላቸውን በቁጥር ቢያስሩት ጭቅጭቁ ግማሹ ይቀር ነበር። የት? ምን ያህል ትልቅ? በስንት ዓመት ውስጥ? ዕድሉ ስንት? እነዚህን ያልመለሰ ግምገማ ገና አልተጀመረም።

"አያሰጋም" ደግሞ ይብሳል። እሱ ግምገማ አይደለም፣ ውሳኔ ነው፤ የሚያሰጋሽንና የማያሰጋሽን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ጣሊያን ውስጥ ላኩዊላ የምትባል ከተማ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለወራት በትንንሽ መንቀጥቀጥ ትናጥ ነበር። ማርች 31 ቀን ባለሙያዎች ተሰብስበው መከሩ፤ አንድ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ሕዝቡን የሚያረጋጋ ቃል ተናገረ፣ ትንንሹ መንቀጥቀጥ ጉልበቱን ስለሚያስተነፍሰው እንዲያውም ጥሩ ነው እስከማለት። በስድስተኛው ቀን መጠኑ 6.3 የሆነው መጥቶ 309 ሰው ገደለ። ስድስት ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣኑ በ2012 የስድስት ዓመት እስር ተፈረደባቸው፤ ሳይንቲስቶቹ በ2014 በይግባኝ ነፃ ወጡ፣ የባለሥልጣኑ ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አለ። ብዙ ሰው "መተንበይ ስላልቻሉ ታሰሩ" ይላል። ቀኑን ማንም መተንበይ አይችልም፣ ክሱም ስለዚያ አልነበረም። ነገሩ "ዕድሉ ዝቅተኛ ነው" የሚለው "ተረጋጉ" ሆኖ ሰዉ ጆሮ መድረሱ ነው። በዚያ አገር የድሮ ሰው መሬት ሲንቀጠቀጥ ውጭ ያድር ነበር፤ ያን ሌሊት ግን ቤታቸው ያደሩ ነበሩ።

አለመስማማታቸውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ በአንድ ጥያቄ ላይ እየተነጋገሩ መሆናቸውን እይ። አንዱ ስለ ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች ያወራል፤ የ2017ቱ መንቀጥቀጥ በዚያ በኩል ከመሬት በታች ከተንቀሳቀሰ ቅልጥ ዐለት ጋር የተያያዘ ነበርና ለደብረ ሲና ሩቅ ነው ሊል ይችላል። ሌላው ስለ ጠቅላላው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ያወራል፣ አንቺ ያለሽው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ደግሞ የጥናቱን ዕድሜ ጠይቂ። ስንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል? በግንቦት 1953 ካራቆሬን ያናወጠው፣ ማጀቴን ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ ነው የሆነው። አያቶች ያስታውሱታል። እሱን ያላነሳ ግምገማ ካየሽ ዝጊው። የመሬት መንሸራተትም ለብቻው ይጠና፤ በመስከረም 1998 እዚያው እናንተ ጋ ይዛባ ላይ ተራራው ተንሸራቶ ሺዎች ቤት አልባ ሲሆኑ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። ለተዳፋት አገር የተሠራ ካርታ ምንጮቹንና የመሬት ስንጥቁን በእግር ሄዶ ያየ መሆን አለበት። ከሳተላይት ብቻ የተሠራ ከሆነ ስንጥቁን ቀድሞ የሚያየው ከብት ጠባቂው ነው።

"መቼ ይመጣል?" የሚለውን ተይው። "ቤቴ ይቆማል ወይ?" ለሚለው ግን መሐንዲስ መልስ አለው። ገንዘብ ካለሽ እዚያ ላይ አውጪው።

ጥያቄ፦ እነዋሪ አካባቢ ስንዴ አምራች ነኝ፣ ዕድሜዬ 60 አልፏል፣ የሚጽፍልኝ ልጄ ነው። ድሮ ዳፕና ዩሪያ ነበር። ኋላ የአፈር ካርታ ተሠራና ማዳበሪያው ተቀየረ አሉን። ካርታውን አንድ ጊዜ አሳይተውኛል፤ የእኔና የጎረቤቴ መሬት አንድ ቀለም ተቀብቷል። የኔ መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው፣ የእሱ ቀይ አፈር። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥሩ ዓይን አለዎት። ካርታው ውሸት አይደለም፣ ግን የተሠራው ራቅ ራቅ ካሉ ቦታዎች አፈር ተወስዶ ተመርምሮ፣ በመካከል ያለው በስሌት ተገምቶ ነው። ለክልልና ለወረዳ ዕቅድ ያገለግላል። ለአንድ ሰው ማሳ ግን ቀለሙ ግምት ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ይበልጣል። "አፈሩ ውስጥ ይህ ንጥረ ነገር ያንሳል" የሚለውና "ብንጨምርበት ምርቱ ያድጋል" የሚለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ላቦራቶሪ ይነግረናል፣ ሁለተኛውን የሚነግረን ማሳ ላይ የተሠራ ሙከራ ብቻ ነው። ዳፕ በኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ባለበት ማዳበሪያ) ሲተካ፣ ኋላም ቦሮንና ዚንክ የተቀላቀለበት ሲመጣ፣ የላቦራቶሪው ወረቀት ከማሳው ሙከራ ቀድሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተለያየ ቦታ የተሠሩ ሙከራዎች ትልቁን የምርት ለውጥ ያመጡት እነዚያው በዳፕና በዩሪያ ውስጥ የነበሩት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መሆናቸውን፣ የተጨመሩት ግን በብዙ ቦታ ያመጡት ለውጥ ትንሽ መሆኑን አሳይተዋል።

በመረሬ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ጠላት ውሃ መተኛቱ ነው፤ ይህን ለእናንተ አገር ለጅሩ ገበሬ ማስተማር አይገባኝም። የእናንተ ሴቶችና ልጆች መደቡን በእጃቸው አፍሰው ከፍ ሲያደርጉት የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ተመራማሪዎች አይተው፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያንኑ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጡ። መጀመሪያ አዩ፣ ቀጥሎ ለኩ፣ ከዚያ ሠሩ።

እርስዎም ይለኩ። ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡና በ10 ሜትር በ10 ሜትር ሁለት መደብ ጎን ለጎን ያውጡ፤ አንዱ ላይ ካርታው ያለውን፣ ሌላው ላይ የለመዱትን ያድርጉ። ዘሩ፣ አረሙ፣ የሚዘራበት ቀን አንድ ይሁን። ቢቻል ጎረቤትዎም በቀዩ አፈር ላይ እንዲሁ ያድርግ። ለየብቻ ይታጨድ፣ ለየብቻ ይወቃ። ልጅዎ ሚዛኑን ይያዝና ቁጥሩን በታኅሣሥ ይላክልኝ።